ለቤልተሩ ወዳጄ፣ ከጅማ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፣ ያው ጉልበቷን ያማታል። ቡና ባፈላች ቁጥር "ያ ቀጭኑ ልጅ ጠፋ" ትላለች። የጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ አልነገርኳትም።

ቴሌግራም እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ቴሌግራሙን ስከፍተው ያ የሰባት ደቂቃ ድምፅህ ፊት ለፊት ይቆማል። የአባትህን ማረፍ የነገርከኝ። ለቀብር መድረስ አልቻልኩም ያልክበት። የዚያኑ ቀን ሰምቼዋለሁ፤ መስማቴንም አይተሃል። ሱቅ ውስጥ ሰው ስለነበር ማታ እደውላለሁ አልኩ። ማታ መብራት ጠፋ። በማግስቱ ከምን እንደምጀምር ግራ ገባኝ። ሳምንት ሲሞላ አፈርኩ። ከዚያ ወዲያማ ሀፍረቱ ራሱ በሩን ዘጋብኝ፤ ዛሬ ነገ ስል ሁለት ዓመት ሞላ። አምስት ዓመት አንድ ዶርም ያደረ ሰው ለቅሶ ሳይደርስ ሲቀር ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ይቅር በለኝ። ነፍሳቸውን ይማር።

ታዲያ ዛሬ ምን አስጻፈህ በለኝ። ዘ ኤክስፓንስ፣ ያ የጠፈር ተከታታይ ፊልም።

አትሳቅ። ነሐሴ ነው፣ ጅማን ታውቃታለህ፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ፈረንጅ አራዳ ሞባይል ጥገና ከፍቻለሁ። ዲግሪው ግድግዳ ላይ፣ እንጀራው ሶልደሩ ላይ። ደንበኛ ስላልነበረ ያንን የዶርሙን ሀርድ ዲስክ ፈልጌ አወጣሁት። ሦስቱን ሲዝን አብረን ነበር ያየነው። የቀሩትን ሦስቱን እኔ በኋላ በየተራ ጭኜበት ነበር። አምስተኛውን ደግሜ ከፈትኩት።

ናኦሚ፣ የሮሲናንቴ መርከብ መሐንዲሷ፣ ብቻዋን የምትቀርበት ሌላ መርከብ ትዝ ይልሃል? በራሷ ድምፅ የተቀነባበረ የድረሱልኝ ጥሪ ሳያቋርጥ ይሰራጫል። መርከቧ ላይ ፈንጂ ተጠምዷል። ሊያድናት የተጠጋ ሁሉ አብሯት ያልቃል። ጥሪው የውሸት ነው፣ ግን መናገሪያ ስለሌላት ውሸት ነው ብላ መናገር አትችልም። አየር የሌለበት ክፍል ውስጥ ትንፋሿን ይዛ ትገባለች፣ ሊወጣ ሲል ትመለሳለች፣ እንደገና ትገባለች። ይህን ሁሉ ለፍታ ያገኘችው መስመሩን ማቋረጥና መልሶ ማገናኘት ብቻ ነው። ሌላ ምንም የለም። ስለዚህ የራሷን ድምፅ መሀሉ ላይ ትቆርጠዋለች። "ለጄምስ ሆልደን ችግር ላይ ነኝ በሉት" የሚለው መልእክት የተወሰነው ይዋጥና "ተቆጣጥሬዋለሁ በሉት" ሆኖ ይወጣል። ካፒቴኗና ፍቅረኛዋ ሆልደን ሲሰማው ይገባዋል። እሷ እንደዚያ አትናገርም።

እንደ ጠጋኝ ልንገርህ። ፊልም ላይ ገመድ ሲነካ የማየው ብዙ ጊዜ ቀዩን ልቁረጥ ሰማያዊውን የሚል ቀልድ ነው። ይህ ግን የእኔ ሥራ ነው። ነክቶ ማየት፣ ላብ ማፍሰስ፣ እንደገና መንካት። ትዕይንቱ ሲያልቅ ስልኬን አነሳሁና ድምፅህን ከፈትኩት። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ለረጅም ጊዜ ዝም ትላለህ። ከኋላህ አውቶብስ ያልፋል። ያን ጊዜ እሱን አልሰማሁትም ነበር።

ደግሞ ሌላ ነገር ገባኝ። እዚያ ፊልም ላይ ሩቅ ለሩቅ ያሉ ሰዎች እንደኛ "ሃሎ፣ ይሰማል?" እያሉ አይጨቃጨቁም። ብርሃን ራሱ ከምድር ማርስ ለመድረስ እንደ ርቀታቸው ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ጁፒተር ጋ ሲሆን ከግማሽ ሰዓት ይበልጣል። ሬዲዮም ከብርሃን አይቀድምም። ሌሎቹ የጠፈር ፊልሞች ይህን ዘለው ጄኔራሉን ስክሪን ላይ ፊት ለፊት ያስወሩታል። እዚህ ግን ሰውየው ካሜራ ፊት ይቀመጣል፣ ያለውን በሙሉ ይናገራል፣ ይልካል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ለምን ዘገየህ ብሎ የሚቆጣ የለም። ለሁለት ዓመቱ ይህን ሰበብ ላደርገው አልኩና ተውኩት። ከጅማ ቶሮንቶ ብርሃን ዓይን ጥቅሻ ታህል እንኳ አይፈጅበትም።

ቶሮንቶ ካልኩ አይቀር፣ ፊልሙ እዚያው አንተ ከተማ እንደተቀረፀ ታውቃለህ አይደል? የሴሬስ ጣቢያም ሮሲናንቴም እዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ነው የተሠሩት። አንተ ጃኬት ደርበህ ባቡር የምትጠብቅበት አገር።

አሁን ወደ ድሮ ጠባችን ልመለስ። የምድሯ ባለሥልጣን አቫሳራላ ገና በመጀመሪያው ክፍል ያንን ቤልተር፣ በቀላል ስበት ያደገውን የአስትሮይድ ቀበቶ ሰው፣ በምድር ስበት አሰቅላ ስታስመረምረው፣ አንተ አልጋህ ላይ ተነስተህ ቆምክ። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ለቤልቱ ወገንክ። እንደ እነሱ ረጅምና ከሲታ ስለሆንክ ቤልተር የሚለው ስምም ወጣልህ። እኔ ደግሞ ሕግ ይከበር እያልኩ ለምድር ስከራከር ነበር። አሁን በግማሽ መጥቼልሃለሁ። ሰፈራችን ውሃ ከጠፋ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ትናንት ቢጫ ጀሪካን ይዤ ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ ያሉት ሴትዮ ጠብታ እንዳይፈስ አፉን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ይዘዋል። ያቺ ካንተርበሪ የምትባል መርከብ ከሳተርን ቀለበት በረዶ ተሸክማ ስትመለስ፣ ሴሬስ ላይ ያሉት ምን ብለው እንደሚጠብቋት ያኔ ገባኝ። በሌላው ግማሽ ግን አልተስማማንም። የቤልተሮቹ መሪ ማርኮ ምድር ላይ የጠፈር ድንጋይ ሲወረውር የሞቱት ውሃ የከለከሉት ሰዎች አይደሉም። አንተም በዚህ ላይ መልስ የለህም፣ አውቅሃለሁ።

ስለ ቤልተሮቹ የእጅ ምልክትስ? የጠፈር ልብስ ለብሰው ፊት ስለማይታይ ትከሻ የምንሰብቀውን እነሱ በእጅ ይሉታል። እኔ ሁሌ የማስበው የኛን አዎንታ ነው፤ ያቺን ወደ ውስጥ የምንስባትን "እ"። አየር በሚቆጠርበት አገር አንድ ሐበሻ በሬዲዮ እየተስማማ የሁሉንም ኦክስጅን ይጨርስባቸዋል።

ቡናውን ለእማዬ አሳየኋት። ሆልደን ቡና እንደሚወድ፣ መርከቡ ላይ ማሽን እንዳለው ነገርኳት። "ያለ ጭስ?" አለችና ፊቷን አዞረች። ከዚያ መርማሪው ሚለር ሴሬስ ላይ መጠጥ ሲቀዳ ያለውን አሳየኋት። ቦታው ስለሚሽከረከር የሚቀዳው ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ ጎብጦ ነው ብርጭቆው ውስጥ የሚገባው። ይህን ግን አተኩራ አየች። "ጀበናውን ትንሽ ራቅ አድርጎ መያዝ ነዋ" አለች። አምስት ዓመት የተማርነውን ፊዚክስ በአንድ ዓረፍተ ነገር።

በመጨረሻው ሲዝን ግን ተናድጃለሁ። 6 ክፍል ብቻ! ሲቸኩሉ በግልጽ ይታያል። ላኮኒያ የምትባለው ፕላኔት ላይ ያሉትን ልጆችና እንስሳት ጀምረው እንዲሁ ተዉት። ፊልሙ የተሠራባቸው መጻሕፍት 9 ናቸው፣ ፊልሙ 6ኛው ላይ ቆመ። ግን ጨርሶ ሊቀር የነበረበትን ግንቦት 2010 አስታውስ። ጣቢያው ሰረዘው፣ አድናቂዎቹ በአውሮፕላን ባነር አስጎተቱ፣ ወሩ ሳያልቅ አማዞን አነሳው። በዚያው ዓመት ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊግ ባደገ በዓመቱ ዋንጫ ወሰደ። አንተ "ሁለቱም ተስፋ የተቆረጠባቸው ነበሩ" እያልክ ዶርሙን አስጨፈርከው። ጎረቤቶቻችን የተረዱት ግማሹን ብቻ ነበር።

ስድስተኛውን አይተኸው ከሆነ ስለ ናኦሚ መጨረሻ የምትለውን እፈልጋለሁ። በድምፅ ላክልኝ፣ የፈለገውን ያህል ይርዘም። ስለ አባትህም ያልነገርከኝ ካለ ንገረኝ፤ ማታ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ቁጭ ብዬ እሰማሃለሁ።

በሚቀጥለው ወር ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ። ሁለት ኪሎ ያልተቆላ ቡና እልክልሃለሁ። እማዬ ራሷ ናት የለቀመችው። ስምህን ብነግራትም ፌስታሉ ላይ በእስክሪብቶ "ለቀጭኑ ልጅ" ብላ ጽፋበታለች።

የዶርም ወንድምህ፣
ከጅማ