ለክቡር በኢትዮጵያ የኮሪያ ሪፐብሊክ አምባሳደር፦ የኪም ዶንግ ዎንንም ፊልሞች ያሳዩን

ክቡርነትዎ፣

አያቴ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበሩ። የኮሪያን ወሬ ከብርዱ ይጀምሩና ሁልጊዜ «አንድም ምርኮኛ አልሰጠንም» ብለው ይዘጉታል። በወዲያኛው ወገን ስለነበሩት ሰዎች ግን አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም። ጥያቄው የመጣልኝ፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ፣ የደቡብ ኮሪያዊውን ዘጋቢ ፊልም ሠሪ የኪም ዶንግ ዎንን «ሶንግሁዋን» (ወደ አገር መመለስ) ሳይ ነው።

ኪም እ.ኤ.አ. በ1992 ከእስር የወጡ ሽማግሌዎችን አገኘ። ከሰሜን ኮሪያ ተልከው በደቡብ የተያዙ፣ «እምነቴን ክጃለሁ» ብለው ፈርመው እንዲወጡ ሲጠየቁ እምቢ በማለታቸው አሥርት ዓመታት የታሰሩ ናቸው። ጎረቤቶቹ ሆኑ፤ 12 ዓመት ቀረጻቸው። ሰሜኑን ሲያወድሱ ይጨንቀዋል፤ ጭንቀቱንም በራሱ ድምፅ ይነግረናል እንጂ አይደብቅም። በመስከረም 2000 ስልሳ ሦስቱ ወደ ሰሜን ተሸኙ። ፊልሙ በ2004 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል የሐሳብ ነጻነት ሽልማት አገኘ። በግርፋት ፈርመው በመገኘታቸው በደቡብ የቀሩትን ደግሞ አልረሳም፤ በ2022 ስለ እነሱ ሌላ ፊልም ይዞ መጣ።

ኪም ሥራውን የጀመረው ግን ከድሆች ሰፈር ነው። ሴኡል ለ1988ቱ ኦሎምፒክ ስትዋብ ሳንግዬዶንግ የተባለችው የድሆች ሰፈር ፈረሰች። አንድ ቄስ ለፍርድ ቤት ማስረጃ የሚሆን ምስል እንዲቀርጽ ጠየቁት፤ ለአጭር ጊዜ ብሎ ሄዶ ዓመታት ቆየ። ተፈናቃዮቹ በሴኡል በሚዮንግዶንግ ካቴድራል ግቢ ተጠለሉ። ኋላ በአጎራባቿ ከተማ ቡቾን የቀለሱት ማረፊያም የኦሎምፒክ ችቦ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ነውና ፈረሰባቸው። መሬት ቆፍረው ገቡ። እንግዳ እንዳያያቸው! ይህ ሁሉ «ሳንግዬዶንግ ኦሎምፒክ» በተባለው ፊልሙ በ27 ደቂቃ ተነግሯል።

በ1996 ያለ ፈቃድ ቪዲዮ ሠርተሃል ተብሎ ታሰረ። በዚያው ዓመት ጥቅምት የአገርዎ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት የፊልም ቅድመ ምርመራን ሻረ።

ክቡርነትዎ፣ የኮሪያን ድራማ ልጆቻችን በደንብ ያውቁታል፤ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። ከራሷ ጋር የምትከራከረውን ኮሪያ ግን ማንም አላሳየንም። ኤምባሲዎ በከተማችን ፊልም ሲያሳይ ከኪም ሥራዎች ሁለቱን በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ያቅርብልን። ከአያቴ ጓዶች ጥቂቶቹ ዛሬም አሉ፤ የፊተኛው ወንበር ይያዝላቸው። መብራቱ ሲበራ ምን እንደሚሉ መስማት እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ቃኘው ዘማች የልጅ ልጅ፣ አዲስ አበባ