ሲሊንደሩን ቀይሪ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 12

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል የኔ ዓለም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ግን ከጎረቤትሽ ክፍል ላፕቶፕ መወሰዱን ከአክስትሽ ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። እንዳናስብ ብለሽ መደበቅሽ ይገባኛል። ሁለተኛ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ከሰው አፍ አታሰሚን።

ለአክስትሽ «ወንጀል ቀንሷል ተብሏል፣ ሰፈሩ ሰላም ነው» ብለሻታል። ልጄ፣ ያ የፖሊስ ቁጥር የሚይዘው ጣቢያ ሄዶ ያመለከተውን ብቻ ነው። ስልኩን የተነጠቀ ሰው «ላይገኝ ምን አደከመኝ» ብሎ ከቀረ፣ ስርቆቱ አለ፣ መዝገቡ ላይ ግን የለም። ደግሞ የወንጀል መጠን የሚወጣው የተመዘገበው ለነዋሪው ተካፍሎ ነው፤ ከ100,000 ሰው ይህን ያህል ይባላል። ቅዳሜ ገበያ ኪሱን የሚሰረቀው ከከተማው ሁሉና ከገጠር የመጣ ሰው ሲሆን፣ የሚካፈለው ግን እዚያው ለሚያድረው ነዋሪ ነው። ስለዚህ ገበያ ያለበት ሰፈር ከልኩ በላይ ክፉ፣ መኖሪያ ብቻ የሆነው ደግሞ ከልኩ በላይ ደግ ይመስላል። የአንቺን በር የሚያውቅ ቁጥር የለም። ሲሊንደሩን፣ ቁልፍ የሚገባበትን የበርሽን ክፍል ማለቴ ነው፣ ቀይሪ።

ከአንቺ በፊት በዚያ ክፍል ስንት ሰው ገብቶ እንደወጣ አከራይሽም በውል አታውቀውም። ቁልፍ ማስቀረጽ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ሲወጣ አንዱን መልሶ ሌላውን ኪሱ ያስቀረ ቢኖር በምን ታውቂያለሽ? ሥራው ደግሞ ቀላል ነው። በሩን ክፈቺና ጠርዙን እዪ፤ ከመቀርቀሪያው ምላስ በታች፣ በሲሊንደሩ ትክክል አንዲት ረጅም ብሎን አለች። እሷን ፍቺ። ቁልፉን ከተሽና በትንሹ አዙረሽ ሳቢው። እንቢ ካለ መሃሉ ላይ ያለችው ጥርስ ከቀዳዳው ጋር አልገጠመችም ማለት ነውና ቁልፉን ወዲህ ወዲያ አድርጊው እንጂ አትምቺው። ከወጣ በኋላ ከብሎኗ ቀዳዳ መሃል እስከ አንዱ ጫፍ፣ ከዚያም እስከ ሌላው ጫፍ በሚሊሜትር ለኪ። 30 እና 30 ወይም 35 እና 35 ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ጎን እኩል ላይሆንም ይችላል፣ ስለዚህ የውጭው የቱ እንደሆነ ጻፊ። ከበሩ ፊት ከ2 ወይም ከ3 ሚሊሜትር በላይ ወደ ውጭ የሚወጣ ሲሊንደር በፒንሳ ይያዝና በብሎኗ ቀዳዳ ላይ ይሰበራል፤ ቀጭኑ እዚያ ላይ ነው። አሮጌውን እንዳትጥዪው፣ ስትለቂ ለአከራይሽ ትመልሺዋለሽ። አዲሱን የምታስገቢውም ነግረሻት ይሁን።

ጓጉንቸር እጨምራለሁ ካልሽ ደግሞ የአጎትሽን የፍኖተ ሰላሙን ሱቅ አስቢ። ጓጉንቸሩ ወፍራም፣ ውድ ነበር፤ ጠዋት ሲመጣ ሳይነካ ከነማንጠልጠያው መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘው። ማንጠልጠያው የተያዘው በአጫጭር የእንጨት ብሎን ነበር፣ የብሎኖቹም ራስ በውጭ ይታይ ነበር። ሌባው የፈለገው ካቻቢቴ ብቻ ነው። ያንን ብሎን ከወር በፊት በዓይኔ አይቼው፣ ሱቁ ሰው ሞልቶ ነበርና ሌላ ጊዜ እነግረዋለሁ ብዬ ወጣሁ። ሠላሳ ዓመት በር በይጄ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። አጎትሽ እስከ ዛሬ አላወቀም፤ ለአንቺ ነው የነገርኩሽ። ማንጠልጠያው ወይ ይበየድ፣ ወይ በሩን በስቶ በሚያልፍ ብሎን ታስሮ ዳዶው በውስጥ በኩል ይሁን።

አሁን ወንበር ላይ ወጥተሽ ኮርኒሱን በእጅሽ ግፊው። እንደ አንቺ ያሉ ተደርድረው የተሠሩ ክፍሎች ብዙ ጊዜ የመሃል ግድግዳቸው ኮርኒሱ ላይ ይቆማል፣ ቆርቆሮው ድረስ አይደርስም። ከጎንሽ ያለው ክፍል ባዶ ከሆነ ከዚያ ወጥቶ በጣሪያ ሥር ወደ አንቺ መውረድ ይቻላል፤ በርሽ ተቆልፎ ዕቃሽ ይሄዳል። ክፍት ከሆነ ለአከራይሽ ንገሪ፣ በፌሮ ይዘጋ። የመስኮቱም ፌሮ ከ12 ሚሊሜትር አይቅጠን።

መንገድ ላይ፣ አዲሱ የባሕር ዳር የዓባይ ድልድይ ላይ ፎቶ የሚነሳው ሰው ስለሚበዛ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ይቆማል። አንቺ በእግርሽ እያለፍሽ ስልክ አታውጪ። ባጃጅ ውስጥ ዳር ከተቀመጥሽ ስልክሽ በውስጥ በኩል ባለው እጅሽ ይሁን። ከኋላ ሁለት ወንዶች ተቀምጠው አንዱ ወርዶ «መሃል ግቢ» ካለሽ ሌላ ባጃጅ ጠብቂ፤ ማታ ከሆነ ታርጋውን በመልእክት ለእናትሽ ላኪ።

ዛሬውኑ *#06# ደውለሽ የሚወጣውን የስልክሽን 15 አሃዝ መለያ ቁጥር ደብተር ላይ ጻፊ። ሲምሽ ላይም ፒን አድርጊ፤ ሦስት ጊዜ ከተሳሳትሽ ስለሚዘጋና ፒዩኬ የሚባል 8 አሃዝ መክፈቻ ስለሚጠይቅ እሱ የተጻፈበትን የሲሙን ካርድ አትጣዪ። ስልክሽ ከተወሰደ መጀመሪያ 994 ደውለሽ ሲሙን አዘጊ፤ የባንክም የቴሌብርም ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በሲሙ ስለሆነ ከሁሉ ይቀድማል። ቀጥሎ 127 ለቴሌብር፣ ንግድ ባንክ ደግሞ 951። ከዚያ ጣቢያ ሄደሽ አመልክቺ፤ አይገኝም ብለሽ እንዳትቀሪ። በምትኩም ያለ ደረሰኝ ርካሽ ስልክ እንዳትገዢ፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 የተሰረቀ ዕቃ የሚቀበለውንም ይቀጣል።

በርበሬና ድርቆሽ ሐሙስ በሚመጣው ሰው እልካለሁ፤ እናትሽ ለብርዱ ጋቢ ጨምራለች። ሲሊንደሩን ግን ልኩን ሳላውቅ መግዛት አልችልም። እስከ ረቡዕ ማታ ሁለቱን ቁጥር ላኪልኝ፣ ገዝቼ ከጋቢው ጋር አስራለሁ። እስኪደርስሽ ማታ ማታ ቁልፉን ከውስጥ እንደተሰካ ተዪው፣ አልጋውንም በሩ ላይ አስጠጊው።

አባትሽ