አሮጌው ካሜራ አልሞተም፤ አዲሱም የሚበልጠው በሜጋፒክስል አይደለም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በቅርቡ በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ሚረርለስ ስለሚባሉት መስታወት አልባ ካሜራዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከነሠንጠረዡ አንብቤዋለሁ። ሠንጠረዡ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን የመጀመሪያውን ሶኒ ኤ7 እና በ2021 የወጣውን አራተኛውን ኤ7 ጎን ለጎን አስቀምጧል። 24 ሜጋፒክስል በ33፣ በሰከንድ 5 ፎቶ በ10፣ እያለ ይወርድና ከሥሩ ባለው መስመር አሮጌውን «ጊዜው ያለፈበት» ብሎ ይዘጋል።

እኔ የቲያትር ፎቶ አንሺ ነኝ። በመጀመሪያው ኤ7 ስምንት ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ በአራተኛው ደግሞ ዛሬም እየሠራሁ ነው። አሮጌውን ለታናሽ እህቴ ሰጥቻት ሙያውን እየተማረችበት ነው። ጋዜጣችሁን ይዛ መጥታ ጣቷን ከዚያች መስመር ላይ አሳርፋ «ታዲያ እኔ በዚህ ምን እየተማርኩ ነው?» አለችኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የእሷ ጥያቄ ነው።

ሠንጠረዡ ውሸት አለበት አልልም፤ ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። ቅር ያሰኘኝ፣ በሁለቱ ካሜራዎች መካከል ያለው እውነተኛው ልዩነት ከቁጥሮቹ ውስጥ አለመኖሩ ነው።

ከሜጋፒክስል ልነሣ። ከ24 ወደ 33 ሲታይ ከሲሶ በላይ ጭማሪ ነው፤ ነገር ግን ሜጋፒክስል የፎቶው ርዝመት በወርዱ ተባዝቶ የሚገኝ ብዛት ነው። የአሮጌው ፎቶ በአግድም 6000 ነጥብ አለው፣ የአዲሱ 7008። በአንድ አቅጣጫ ሲለካ ልዩነቱ 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ኤ3 በሚባለው ትልቅ ወረቀት ላይ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ አድርጎ ለማተም 5000 በ3500 ገደማ ነጥብ ይበቃል። ያንን አሮጌውም አልፎት ይሄዳል።

በቃል ብቻ እንዳልቀር እህቴን መስኮት አጠገብ አስቀምጬ፣ አንዱን 55 ሚሊሜትር ሌንስ በሁለቱ ካሜራዎች ላይ እያፈራረቅሁ በመግጠም፣ በተመሳሳይ ብርሃን አነሣኋት። የሌንሱ መግጠሚያ በሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሆነ ይህን ማድረግ ቀላል ነው። ሁለቱን ፎቶዎች በኤ3 አሳትሜ ለእናታችን ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ፣ ወደ ብርሃኑ ወስዳ፣ አንዱን ከአንዱ እያስተያየች ብዙ ቆየችና መለየት እንዳልቻለች ነገረችኝ። እኔም ብሆን ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባው ላይ በእርሳስ ያደረግሁትን ምልክት ካላየሁ አልለያቸውም። ከሩቅ ያነሡትን ፎቶ ቆርጠው መሐሉን ብቻ ለሚያሳድጉ ሰዎች 33ቱ ሜጋፒክስል ይጠቅማል፤ ለሌላው ግን የሚሞላው ሚሞሪ ካርዱን ነው።

አዲሱ ካሜራ ሥራዬን የለወጠው በፎከስ፣ ማለትም የምፈልገውን ነገር ጥርት አድርጎ በማውጣት ነው። በጽሑፋችሁ ውስጥ ፎከስ የተነሣው በአንድ መስመር ብቻ በመሆኑ በጣም አዝኛለሁ።

የመጀመሪያው ኤ7 በፍጥነት ፎከስ የሚያደርግባቸው 117 ነጥቦች አሉት፤ እነሱም በምስሉ መሐል ተሰብስበው የተቀመጡ ናቸው። የተዋናይዋን ፊት ከምስሉ ዳር ማድረግ ስፈልግ መጀመሪያ መሐል ላይ አምጥቼ ፎከስ አደርጋለሁ፤ ቁልፉን ግማሽ ድረስ ተጭኜ እንደያዝሁ ካሜራውን ወደ ጎን አዞራለሁ፤ ከዚያ አነሣለሁ። በጨለማ መድረክ ላይ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ 1.8 ከፍቼ ነው የምሠራው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። በዚያ አከፋፈት ጥርት ብሎ የሚወጣው የቦታ ውፍረት በጣም ቀጭን ነው፤ እኔ ካሜራውን ሳዞር ወይም እሷ አንገቷን ትንሽ ዘንበል ስታደርግ ፎከሱ ከዐይኗ ላይ ይሸሻል። የጆሮ ጉትቻዋ ከነቅርጹ፣ ከነፍልቅልቁ ጥርት ብሎ ታይቶ ዐይኗ ግን ብዥ ያለባቸውን ፎቶዎች ስምንት ዓመት ሙሉ ስጥል ኖሬአለሁ። አንዳንዶቹ፣ ዐይኑ ባይበላሽ ኖሮ፣ ከሥራዎቼ ሁሉ የምወዳቸው በሆኑ ነበር። አሮጌውም ዐይን የመፈለግ ችሎታ ነበረው፤ ሆኖም ለብቻው የተመደበ ቁልፍ ተጭኜ፣ ያውም ቆሞ ለሚጠብቀኝ ሰው ነበር የሚሠራልኝ። ተዋናይ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም።

አራተኛው ኤ7 ምስሉን ዳር እስከ ዳር ማለት ይቻላል የሸፈኑ 759 ነጥቦች አሉት። የሚበልጠው ነገር ግን ዐይንን አንዴ ካገኘ በኋላ እየተከተለ መሄዱ ነው። ሰውየው ፊቱን አዙሮ ሲመለስ፣ ፀጉር ዐይኑ ላይ ሲወርድ፣ ሌላ ተዋናይ በመካከል ሲያልፍ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ያገኘዋል። አንዲት ተዋናይት ከመድረኩ ጥልቀት እየሮጠች መጥታ ጫፉ ላይ በጉልበቷ የምትወድቅበት ትዕይንት ነበር። በአሮጌው ካሜራ በሦስት ልምምዶች ሞክሬ ከዚያ ሩጫ የተረፈኝ አንድ ጥርት ያለ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም እግሯ የተቆረጠበት። በአዲሱ በመጀመሪያው ሙከራ ሩጫውን ከመነሻው እስከ ውድቀቷ አገኘሁት፤ የተበላሹት ጥቂት ነበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ በካሜራው ውስጥ የማየው ነገር ራሱ ተለወጠ። ድሮ የፎከሷን ትንሽ ሳጥን ነበር የማሳድደው፤ አሁን እጃቸውን፣ ትከሻቸውን፣ ከኋላ የቆመው ተዋናይ የሚያሳየውን ፊት አያለሁ። አዲሱ ካሜራ ፎቶን አያሳምርም፤ የሚጠፋውን ፎቶ ግን ያተርፋል። እህቴ ዛሬ የምታነሣው የተቀመጠ ሰው፣ ሕንፃና የጠዋት ብርሃን ነው። እነሱ አያመልጧትም።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር መዝጊያው፣ ማለትም ፎቶ ሲነሣ ለብርሃን ተከፍቶ የሚዘጋው ክፍል፣ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ሠንጠረዡ «ድምፅ አልባ መዝጊያ» ብሎ ለአሮጌው «የለውም» ለአዲሱ «አለው» በማለት ብቻ አልፎታል። አሮጌው በእርግጥ የለውም። አንድ አንጋፋ ተዋናይ የሞተ ልጁን ልብስ በዝግታ የሚያጣጥፍበት፣ አዳራሹ ሁሉ ትንፋሹን የሚውጥበት ጸጥታ ላይ ካሜራዬ «ቀጭ» አለ። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። አልተናገረኝም፤ ዳሩ ግን ልብሱን አስቀምጦ ትዕይንቱን ከመጀመሪያው ጀመረ። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ያመኛል። ስለዚህ አዲሱን ገዝቼ ድምፅ አልባውን መዝጊያ ባገኘሁ ጊዜ የተሰማኝን እፎይታ ልገልጸው አልችልም።

ሆኖም የመጀመሪያውን ምሽት ሥራዬን ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ፎቶዎቹን በአግድም የሚያቋርጡ ጥቁር ሰንበሮች አገኘሁ። ምክንያቱን በኋላ ተረዳሁት። ድምፅ አልባው መዝጊያ ሲሠራ ሴንሰሩ፣ ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚለውጠው ክፍል፣ ምስሉን የሚያነበው ከላይ ወደ ታች በየመስመሩ ነው፤ በዚህ ካሜራ ላይ ከላይኛው መስመር እስከ ታችኛው ለመድረስ የአንድ ሰከንድ አንድ አሥራ አምስተኛ ያህል ይፈጅበታል። የመድረክ የኤልኢዲ መብራቶች ደግሞ ዐይናችን በማይለየው ፍጥነት ብልጭ ድርግም የሚሉ አሉ፤ መብራቱ ድርግም ባለበት ቅጽበት የተነበበው መስመር ጠቆር ብሎ ይቀራል። በፍጥነት የሚወዛወዝ ነገርም ይጣመማል፤ ቀጥ ያለው ጎራዴ በፎቶው ላይ እንደ ማጭድ ጎብጦ ይታያል። አሁን ድምፅ አልባውን የምጠቀመው እንቅስቃሴ ለሌለበትና መብራቱን አስቀድሜ ለሞከርሁት ትዕይንት ነው። ለቀረው መካኒካሉን መዝጊያ እጠቀማለሁ። «አለው» የሚለውን ቃል አምኖ ለሚገዛ አንባቢያችሁ ይህን መንገር ይገባ ነበር። በሰከንድ 10 ፎቶ የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ፍጥነቱ የሚገኘው ካሜራው ፎቶውን ሳያቀናብር የሚያስቀምጥበት ጥሬው (ሮው) ፋይል ጥራቱን በሚቀንስ መንገድ ሲታመቅ ነው። ምንም ሳይጓደል ይቀመጥ ሲሉት ወደ 6 ገደማ ይወርዳል።

በጨለማ በተነሣ ፎቶ ላይ እንደ አሸዋ ስለሚታየው ነጠብጣብ አንባቢው ብዙ ባይጠብቅ ይሻለዋል። የሁለቱም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የሚቀበለው ብርሃን ያው ነው። ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት የሚያሳየውን አይኤስኦ 3200 ላይ አድርጌ አንሥቼ ሳሳትመው ልዩነቱን ፈልጌ ነው የማገኘው። ከዚያ በላይ ሲወጣ አዲሱ የተሻለ ነው፣ ግን ሰማይና ምድር አይደለም። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረግበው አካል ደግሞ አሮጌው ውስጥ የለም፣ አዲሱ ውስጥ አለ። ካሜራውን በእጄ ይዤ ባዶ መድረክን በአንድ ሰከንድ አንድ ስምንተኛ ማንሣት ችያለሁ፤ ቢሆንም ይህ የሚያረጋጋው የእኔን እጅ ነው፤ የተዋናዩን አይደለም። ለእህቴ ያስተማርኳት ትከሻዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ ክርኗን ከጎኗ አጣብቃ፣ ትንፋሿን ግማሽ አውጥታ መጫንን ነው። ይህን የለመደ ሰው በየትኛውም ካሜራ ይጠቀምበታል።

የባትሪው ነገር እውነት ነው። አሮጌው ባትሪ 1020 ሚሊአምፔር ሰዓት፣ አዲሱ 2280 ነው። በአምራቾች መለኪያ አንዱ 340 ገደማ፣ ሌላው 580 ፎቶ ያነሣል። በአሮጌው ዘመን አራት ባትሪ በኪሴ ይዤ፣ ያለቀውን ወደ ግራ ኪስ፣ የሞላውን ከቀኝ ኪስ እያልኩ ነው የኖርኩት። በክብደት ግን አሮጌው ይናፍቀኛል። 474 ግራም ነበር፤ አዲሱ 658 ነው። በእርግጥ አሮጌው መያዣው ቀጭን ስለሆነ ትንሿ ጣቴ ማረፊያ አጥታ ከሥር ትንጠለጠል ነበር፤ ምሽቱ ሲያልቅ የእጄ አንጓ ይደነዝዛል።

በሠንጠረዣችሁ ውስጥ ፈልጌ ያጣሁት አንድ ነገር አለ። አሮጌው አንድ የካርድ ማስገቢያ ብቻ አለው፤ አዲሱ ሁለት አለው፣ እያንዳንዱንም ፎቶ በሁለቱም ላይ ሊጽፍ ይችላል። አንድ ጊዜ ካርዴ በልምምድ መሐል ተበላሽቶ የግማሽ ቀን ሥራ ጠፍቶብኛል። ያን ቀን ዳይሬክተሩ ፊት ቆሜ ምን እንዳልኩት አላስታውስም፤ ፊቱን ግን አስታውሳለሁ። ሰው ገንዘብ ከፍሎት ለሚሠራ ፎቶ አንሺ ይህች ሁለተኛ ማስገቢያ ብቻዋን አዲሱን ካሜራ ለመግዛት በቂ ምክንያት ናት፤ ለ33 ሜጋፒክስል ግን አሮጌዬን አልለውጥም ነበር። የምትማረው እህቴ ማታ ማታ ፎቶዋን ወደ ኮምፒውተር ከገለበጠች ይበቃታል።

አሮጌውን ኤ7 ከሌላ ሰው እጅ ለመግዛት ለሚያስቡ አንባቢዎች የምነግራቸው አለኝ። ሌንሱን ገጥማችሁ በቀስታ አወዛውዙት፤ መግጠሚያው የሚላላበት ጊዜ አለ፣ የእኔም ትንሽ ላልቷል። ሌንሱን እስከ 16 አጥብባችሁ ጥርት ያለ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አንሡና ፎቶውን አሳድጋችሁ እዩት፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። አቧራ ይጸዳል፤ ጭረት ግን አይጠፋም። መስታወት አልባ ካሜራ ሌንሱ ሲወልቅ ሴንሰሩ ፊት ለፊት ይጋለጣል። አራተኛው ኤ7 ካሜራው ሲጠፋ መዝጊያውን እንደ መጋረጃ የሚዘጋበት አማራጭ አለው፤ አሮጌው ስለሌለው ሌንስ ስትቀይሩ አፉን ወደ መሬት ደፍታችሁ ቶሎ ግጠሙ። ገንዘብ ከተረፋችሁም በቅድሚያ ሌንስ ላይ አውሉት። ያ 55 ሚሊሜትር ሌንስ እ.ኤ.አ. በ2013 ከካሜራው ጋር አብሮ የወጣ ነው፤ ዛሬም በአዲሱ ካሜራ ላይ አብልጬ የምገጥመው እሱን ነው።

ክቡራን አዘጋጆች፣ ሠንጠረዡን መልሳችሁ የምታወጡት ከሆነ አንድ ዓምድ እንድትጨምሩበት እለምናለሁ፤ «ምን ለሚያነሣ ሰው?» የሚል። አብራችሁም የታተመ ፎቶ አሳዩን። እህቴ ካሜራዋን መልሳ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፤ ነገ ጠዋት ልምምድ አብራኝ ትገባለች። እሷ 55ቱን ሌንስ ይዛ ከመድረኩ ግራ፣ እኔ ከቀኝ እንቆማለን። ብትፈቅዱ ከየካሜራችን አምስት አምስት ፎቶ፣ የትኛው በየትኛው እንደተነሣ ሳንጽፍበት፣ እንልክላችኋለን፤ አንባቢያችሁ ይለየው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ