ጉዳዩ፦ ሳንጠየቅ ስለተሳበው ገመድ

ለጀማሪዎች በገመድ የካንየን (የጠባብ ገደላማ ሸለቆ) ጉዞ ለሚያዘጋጀው ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ።

ዛሬ ጠዋት የላካችሁልኝ መልእክት ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። «ውድ ደንበኛችን፣ በዕለቱ የተጓዙት ሁሉ በሰላም ስለወጡ ቅሬታዎ ተዘግቷል» ይላል። ከሥሩ ለሚቀጥለው ጉዞ የሚሆን የቅናሽ ኩፖን አያይዛችኋል።

እኔ «በሰላም አልወጣንም» ብዬ አልጻፍኩላችሁም። መውጣቱንማ ወጥተናል። ባንወጣ ማን ይጽፍላችሁ ነበር? የጠየቅኳችሁ ሌላ ነገር ነው። ወደ ላይ መመለሻችን የነበረው ገመድ ለምን ሳንጠየቅ ተሳበ? ይህችን አንድ ጥያቄ ይዤ ዛሬ ነገ ስትሉኝ ቆያችሁ። አሁን ደግሞ ያልጠየቅኩትን መልሳችሁ ፋይሉን ዘጋችሁት። ስለዚህ እንደገና ልክፈተው።

የጉዞውን ቀን፣ የደረሰኙን ቁጥር፣ ማን ከማን ጋር እንደነበረ ሁሉ መዝገባችሁ ላይ አለ። አልደግመውም። በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

ቦታ ስንይዝ የላካችሁት ማረጋገጫ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። እንዳለ ልገልብጠው፦ «የመጀመሪያው መውረጃ 8 ሜትር ነው። ሁሉም ከወረደ በኋላ እያንዳንዱ ተሳታፊ መቀጠል መፈለጉን ይጠየቃል። ሀሳቡን የቀየረ ካለ ገመዱ ከመነሳቱ በፊት ከላይ የሚቆየው ሁለተኛው አስጎብኚ ስቦ ያወጣዋል።»

ታናሽ እህቴ የተስማማችው በዚህች አንቀጽ ነው። ከፍታ አትወድም። ደጋግማ ስታነብባት አይቻታለሁ። «አንዷን ወርጄ ካልተመቸኝ እመለሳለሁ ማለት ነው?» ስትለኝ «አዎ፣ በጽሑፍ ሰጥተውናል» አልኳት። እናንተን አምኜ ነው እንዲህ ያልኳት።

በዕለቱ የመጣው አንድ አስጎብኚ ነው። ሁለተኛውስ ስንለው «መንገድ ላይ ነው፣ ይደርስብናል» አለ። ያ ሰውዬ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። የስልክ ሠራተኛችሁ ይህን ስነግራት «ቡድኑ ትንሽ ስለነበረ አንድ በቂ ነው ተብሎ ይሆናል» አለችኝ። እንግዲህ አንድና ሁለት ምን ልዩነት እንዳለው ላስረዳ፤ ለእናንተ እኔ ማስረዳቴ ቢገርመኝም።

ሁለት አስጎብኚ ሲኖር አንዱ ቀድሞ ይወርዳል። ከታች ሆኖ የገመዱን ጫፍ ይይዛል። የሚወርደው ሰው እጁ ቢያመልጠው ከታች ያለው ገመዱን ወጥሮ ያስቆመዋል። ሌላው ከላይ ሆኖ የእያንዳንዱን ሃርነስ (ወገብና ጭን ላይ የሚታጠቀውን ማሰሪያ)፣ የካራቢነሩን (የሚከፈትና የሚዘጋውን የብረት ማያያዣ) መቆለፍ፣ ገመዱ አልፎበት ፍጥነት የሚቀንሰውን የመውረጃ መሣሪያ አገባብ ያያል። አንድ ብቻ ሲሆን ከሁለቱ አንዱ ይጎድላል። የእናንተው ሰው ከላይ መቆየትን መረጠ። ስለዚህ መጀመሪያ የወረድኩት እኔ፣ በሕይወቴ በገመድ ወርጄ የማላውቀው ሰውዬ፣ ከታች ማንም ሳይዝልኝ ነው። ቀጥላ እህቴ መጣች።

ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። ከሄልሜቷ ሥር የተለቀቀው ፀጉሯ ወደ መውረጃ መሣሪያው ገብቶ ነበር። ትንሽ በወረደች ቁጥር ገመዱ ፀጉሯን ይዞት ይገባል። ጭንቅላቷ ወደ ጎን ዘመመ፤ ጉንጯ ከገመዱ ጋር ተጣበቀ። ቀኝ እጇን እንዳትለቅ ተነግሯታል፤ ከለቀቀች ትወድቃለች። በግራ እጇ ብቻ ፀጉሯን ልታላቅቅ ትሞክራለች። ፀጉር ጠቅልሎ ሄልሜት ውስጥ መክተት እኮ ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ነው። ረጅም ፀጉር ያላትን ልጅ ፊት ለፊት እያየ ሃርነስ ያሰረላት ሰው አንድ ቃል አልተነፈሰም።

እኔ ከታች ሆኜ የገመዱን ጫፍ አያለሁ። ልያዘው ወይስ ልተወው? ማንም አልነገረኝም።

ከላይ «አይዞሽ እህቴ፣ ራሱ ይለቃል» የሚል ድምፅ መጣ። አልለቀቀም። ቀጥሎ የመጣው ይባስ አለ፦ «ካልሆነ ቢላ አለኝ፣ ልጣልልሽና ቁረጪው!» ሰው የተንጠለጠለበት የተወጠረ ገመድ አጠገብ ቢላ! እንደዚያ የተወጠረ ገመድ ስለት ገና ሲነካው እንደሚበጠስ በኋላ አንድ የሙያው ሰው ነገረኝ። ያው ሰው ሌላም ነገር ነገረኝ። ገመዱ ከላይ የታሰረው ጫና እያለበት ሊለቀቅ በሚችል አስተሳሰር ቢሆን ኖሮ፣ አስጎብኚያችሁ እዚያው ቆሞ ገመዱን ቀስ እያለ እያላላ መሬት ያደርሳት ነበር። የእናንተው ግን ድርቅ ተደርጎ የታሰረ ነው። ወደ ላይም ወደ ታችም የለም።

ያወጣት የገዛ እግሯ ነው። ግድግዳው ላይ በጫማዋ ጫፍ አንዲት ጉብታ አገኘች። እሷ ላይ ቆመች። ክብደቷ ከገመዱ ላይ ሲነሳ መሣሪያው ላላ፣ ፀጉሯን መዝዛ አወጣችና ወረደች። መሣሪያው ውስጥ አንድ ጭብጥ ፀጉር ቀርቷል። እግሯ መሬት ሲነካ የተናገረችው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «እኔ ከዚህ በላይ አልሄድም።»

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስኩ። የተቀሩት ወረዱ። አስጎብኚው በመጨረሻ እስሩን ፈትቶ፣ ገመዱን በብረት ቀለበት አሳልፎ በሁለት አጥፎ ራሱ ወረደ። ገና ሃርነሱን ሳያስተካክል ጠጋ ብዬ ነገርኩት። ንግግራችንን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስቀምጠው።

«እህቴ መመለስ ትፈልጋለች። ገመዱን እንዳትስበው።»

«ወዴት ነው የምትመለሰው?»

«ወደ ላይ። በማረጋገጫው ላይ ሁለተኛው አስጎብኚ ስቦ ያወጣል ይላል።»

«ታዲያ ሁለተኛ አስጎብኚ ታያለህ?»

«እሱን እኮ ነው የምጠይቅህ።»

«ወንድሜ፣ ገመዱ ሲነሳ ሁሉም ሰው ይለምደዋል። መመለሻ እንዳለ ካወቀ ነው ሰው የሚፈራው።»

ይህን እያለ እጁ ሥራውን አላቆመም። ከሁለቱ የገመድ ጫፎች አንዱን ይዞ መሳብ ጀመረ። እኔ «ቆይ እንጂ!» እላለሁ፣ ሌላኛው ጫፍ ሽቅብ ይሸሻል። እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረስኩበትም። ጫፉ ከላይ ባለው የብረት ቀለበት አለፈ። ከዚያ ገመዱ እንዳለ እግራችን ሥር ዱብ አለ። እህቴ አንገቷን ቀና አድርጋ ግድግዳውን አየች። ልሙጥ አሸዋማ ድንጋይ ነው፤ ከዚያች አንዲት ጉብታ በቀር ለእጅም ለእግርም መያዣ የለውም። እሱ ገመዱን ወደ ከረጢቱ እየጠቀጠቀ «በሉ እንቀጥል፣ ሰዓት ሄደ» አለ።

እንዲህ ባለ ካንየን ውስጥ ገመድ ተሳበ ማለት በር ተቆለፈ ማለት ነው። የቀረው መንገድ ወደ ፊት ብቻ ነው። ከፊታችን ገና ሦስት መውረጃ ነበር። ሁሉንም እየተንቀጠቀጠች ወረደቻቸው። ለምዳው አልነበረም፤ ሌላ ምርጫ ስላልነበራት ነው። መልእክታችሁ ላይ «በሰላም ስለወጡ» የሚለው ቃል ያናደደኝ ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ «ከአስጎብኚው ጋር ተነጋግረን እንደውላለን» ተባለ፤ አልተደወለም። ስደውል «ኃላፊው ጉዞ ላይ ናቸው»። እሳቸው ሲመለሱ «ፋይሉ ሌላ ክፍል ነው»። ሌላኛው ክፍል ደግሞ የፈረምነውን የኃላፊነት ውል አንብቡ አለኝ። አነበብኩት። አደጋ ሊያጋጥም እንደሚችል ይላል፤ ልክ ነው፣ ፈርመናል። አስጎብኚ ቃል የተገባውን እያወቀ ገመድ ይስባል የሚል ግን አላገኘሁበትም።

ነገር ከተነሳ አይቀር፣ እስካሁን በይሉኝታ የተውኳቸውን ሌሎቹንም ልበል።

ማስታወቂያችሁ ካንየኑ 3ኤ ነው ይላል። በዚህ የካንየን አስቸጋሪነት አመዳደብ 3 ማለት ገመድ የሚያስፈልገው፣ ኤ ማለት ደረቅ ወይም ጥቂት ውሃ ያለበት ነው። እኛ ደረት የሚደርስ ውሃ ውስጥ ገባን፤ አጠር የሚሉት ደግሞ ዋኙ። ይህ ቢ ይባላል። ፊደሏ ትንሽ ብትመስልም በጠባብ ካንየን ውስጥ ውሃው ፀሐይ አያገኝም፤ በበጋም ያንዘፈዝፋል። ሙቀት የሚይዝ ልብስ እንድናመጣ አልተነገረንም፤ እናንተም አላመጣችሁም። ከቡድኑ አንዱ ከንፈሩ ጠቁሮ ካራቢነር መክፈት አቅቶት ነበር። ጣቱ አልታዘዝ ያለው ሰው ቀጣዩን ገመድ በምኑ ይዞ እንዲወርድ አስባችሁ ነው?

ስለ አየሩ ደግሞ ጠዋት ጠይቄ ነበር። የዕለቱን ትንበያ አይታችኋል ወይ ብዬ። የተሰጠኝ መልስ «ሰማዩን እየው፣ ደመና አለ እንዴ?» የሚል ነው። እንኳን እናንተ፣ ይህን ሥራ በስም ብቻ የሚያውቅ ሰው እንኳ እንዲህ አይመልስም። ደራሽ ውሃ የሚመጣው ከራስ በላይ ካለው ሰማይ ብቻ አይደለም፤ ራቅ ብሎ ከላይ በኩል ከዘነበውም ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1997 አሪዞና፣ አንቴሎፕ ካንየን ውስጥ 11 ጎብኚዎችን የወሰደው ጎርፍ ከሩቅ ከዘነበ ዝናብ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2015 ደግሞ ዩታ በሚገኘው ዛየን ብሔራዊ ፓርክ፣ ኪሆል በሚባለው ካንየን 7 ሰዎች በደራሽ ውሃ ሞተዋል። ኪሆል አጭር ነው፣ ለጀማሪም ይሆናል የሚባል ነው። የእኛ ቀን ዝናብ አልመጣም። ይህ ግን የእናንተ ጥንቃቄ ውጤት አይደለም።

ሦስተኛው መውረጃ ላይ ገመዱ የታሰረበት ጠፍጣፋ የናይሎን ማሰሪያ ቀለሙ ነጥቶ፣ ጠርዙ ተበጣጥሶ ነበር። ፀሐይ ናይሎን እንደምታደክም ለእናንተ አይነገርም። ከኛ አንዱ «ይህ ደህና ነው?» ሲል የተሰጠው መልስ «ትናንትም ይዟል» ነው። ፎቶው አለኝ። ስለ ሄልሜቱ የላላ ማሰሪያ፣ ሰዓት ስለሌለ ተብሎ ስለተዘለለው የትንሿ ግድግዳ ልምምድ ዝም ልበል።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር አስብ የነበረው ግማሽ ክፍያችን እንዲመለስ ነው። ኩፖኑን ደግሜ ሳየው ሀሳቤን ቀየርኩ። የእኔም የእህቴም ሙሉ ክፍያ ይመለስልን። ኩፖኑን ሰርዙት፤ ለሌላ ሰውም አታስተላልፉት።

ሁለተኛው አስጎብኚ በዚያ ቀን ለምን እንዳልመጣና ማን እንደወሰነ፣ ገመዱም ጥያቄ ሳይጠየቅ ለምን እንደተሳበ በጽሑፍ አስረዱኝ። «ይሆናል» የሚል ቃል የሌለበት መልስ ይሁን። ይቅርታው ደግሞ ለእኔ አይደለም። ለእህቴ ነው፤ ከድርጅቱም ከአስጎብኚውም በየፊናቸው ይድረሳት። ሰውየው ሊለቀቅ የሚችል አስተሳሰር እና የተጣበቀ ሰው ማውረድ እንደገና ሰልጥኖ እስኪፈተን ድረስ ጀማሪ ይዞ እንዳይወጣ እጠይቃለሁ። ሥራው ይሂድበት አላልኩም። እንጀራውን መንካት አልፈልግም፤ የሌላ ሰው ሕይወት ግን እጁ ላይ ነው።

ማስታወቂያውንም አስተካክሉ። ወይ ሁለት አስጎብኚ ላኩ፣ ወይ ያቺን አንቀጽ ፍቋት። ትናንት ከፍቼ አይቻለሁ፤ አሁንም እንዳለች ናት። እንደ እህቴ እሷን አንብቦ ዛሬ ቦታ የሚይዝ ሰው አለ ማለት ነው።

መልሳችሁን እስከ 10 የሥራ ቀን እጠብቃለሁ። ካለፈ የማሰሪያውን ፎቶ፣ የማረጋገጫውን ጽሑፍና ከቡድኑ ሌሎች ሰዎች የፈረሙበትን ምስክርነት አያይዤ የጉዞ ፈቃድ ለሚሰጣችሁ አካል አስገባለሁ። ደብዳቤውን አሁኑኑ እንዲያውቁት ግን ግልባጭ አድርጌላቸዋለሁ። እባካችሁ በስልክ አትደውሉልኝ። በስልክ የተባለውን በኋላ «አላልንም» ስትሉ ሰምቻለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የደረሰኙ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለካንየኑ ፈቃድ ሰጪ አካል
ለእህቴ