የኔም ሰርቨር አይፒ ስትቀይሩ አሮጌውን ለማጥፋት አትቸኩሉ

ውድ አባላት፣

የዲኤንኤስ ኔም ሰርቨሮቻችሁን (የዶሜይን ስም የትኛው አይፒ አድራሻ እንደሆነ የሚመልሱትን) አይፒ ለመቀየር ያሰባችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ሙሉ ዞኑን፣ ማለትም የዶሜይኑን ሪከርዶች ሁሉ፣ አዲሱ ላይ ጭናችሁ በፖርት 53 መልስ መስጠቱን አረጋግጡ፤ በዩዲፒም በቲሲፒም። ቲሲፒውን ሳይሞክር የሚያልፍ ብዙ ነው፤ ፋየርዎል ከዘጋው ግን ትልልቅ መልሶችና የዞን ዝውውር (ዞኑን ከሰርቨር ወደ ሰርቨር መገልበጥ) ይቋረጣሉ።

ከዚያ የኤ ሪከርዱን (የሰርቨሩን ስም ከአይፒው ጋር የሚያያይዘውን) ቲቲኤል፣ ማለትም መልሱ ሌሎች ሰርቨሮች ዘንድ ተቀምጦ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ወደ 300 ሰከንድ አውርዱና የቀድሞው ቲቲኤል እስኪያልቅ ጠብቁ። ቀጥሎ ሪከርዱን ወደ አዲሱ አይፒ ቀይሩ፤ ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። የሰርቨሩ ስም በራሱ ዶሜይን ሥር ከሆነ አድራሻው በወላጁ ዞንም (ለምሳሌ በዶት ኮም) እንደ ግሉ (glue) ሪከርድ ተቀምጧል፤ እሱን የምታስቀይሩት በሬጅስትራሩ፣ ማለትም ዶሜይኑን ባስመዘገባችሁበት ድርጅት፣ በኩል ነው። የዚያን ቲቲኤል እናንተ አትወስኑትም፤ በዶት ኮም 172800 ሰከንድ፣ ማለትም 2 ቀን ነው። ስለዚህ አሮጌው አይፒ ቢያንስ ለዚያ ያህል፣ በእኔ እምነት ግን ለአንድ ሳምንት፣ ትክክለኛ መልስ መስጠቱን ይቀጥል። የአሮጌውና የአዲሱ የኤስኦኤ ሲሪያል ቁጥር (የዞኑን ዕትም የሚያሳየው) አንድ ይሁን።

አንዱ ሳይረጋጋ ሌላውን ሰርቨር አትንኩ። ሰከንደሪዎቹ (ዞኑን ከዋናው ሰርቨር የሚገለብጡት) ላይ የዋናው አይፒ በእጅ ተጽፎ ከሆነም ቀይሩት፤ ይህ ከተረሳ ችግሩ የሚታየው ዘግይቶ፣ የዞኑ ዕድሜ ሲያበቃ ነው። አሮጌውን የምታጠፉት በሎጉ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ሲያቆም ነው።