ከሲያትል ለአባቴ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ «የምትሠራበት ሰዓት ያው፣ መኪናው ያው፣ ገቢህ ለምን ቀነሰ?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቋርጦ በወጉ ሳልመልስልዎ ቀረሁ። ቀድሞ በስልክ መተግበሪያ ከተሳፋሪ ጋር የሚያገናኘን የታክሲ ኩባንያ ተሳፋሪው ከከፈለው ላይ የታወቀ ኮሚሽን ይቆርጥ ስለነበር ማንኛችንም ሒሳቡን በወረቀት ልናሰላው እንችል ነበር። አሁን ግን ተሳፋሪው የሚከፍለውንና እኔ የማገኘውን የኩባንያው ኮምፒውተር ለየብቻ ይተምናል፤ እኔም ጉዞውን የምቀበል ወይም የማልቀበል መሆኔን በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መወሰን አለብኝ። በቅርቡ ከሲታክ አየር ማረፊያ ወደ ቤልቪው ያደረስኳቸው ሴት የከፈሉትን በስልካቸው ሲያሳዩኝ የእኔን ድርሻ እጥፍ ያህል ሆኖ አገኘሁት። ግብርና የአየር ማረፊያው ክፍያ በውስጡ እንዳለ ባውቅም ልዩነቱ አልተዋጠልኝም።

ሕግ የለም ወይ ይሉኝ ይሆናል። አለ፤ እንዲያውም ከብዙ ግዛቶች የተሻለ ነው፤ የእኛ አገር ሰዎችና የሶማሌ ሾፌሮችም ብዙ ደክመውበታል። የዋሽንግተን ግዛት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ያወጣው ይህ ሕግ በሲያትል ለአንድ ማይል 1 ዶላር ከ38 ሳንቲም፣ ለአንድ ደቂቃ 59 ሳንቲም ዝቅተኛ መነሻ አድርጎ በየዓመቱ ከኑሮ ውድነቱ ጋር እንዲስተካከል ደንግጓል። ችግሩ ይህ ክፍያ የሚቆጠረው ተሳፋሪው መኪናው ውስጥ እስካለ ድረስ ብቻ መሆኑ ነው። አየር ማረፊያው ዘንድ ወረፋ ይዤ የምቆይበት ሰዓትም ሆነ ተሳፋሪውን ለማንሳት ባዶ መኪና የምነዳበት መንገድ አይከፈለኝም። ስለዚህ ኩባንያው አዳዲስ ሾፌሮችን በገፍ ሲመዘግብ፣ የደቂቃው ዋጋ ሳይነካ፣ ሕጉም ሳይጣስ፣ የቀን ገቢያችን ይወርዳል። በሕግ ዓይን ተቀጣሪ ስላልሆንን ነዳጁና ኢንሹራንሱም ከኪሳችን ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ዌይሞ የተባለውን ሾፌር አልባ ታክሲ ከ2024 ጀምሮ ማንም ይሳፈርበታል፤ እዚህ ያለን ሾፌሮች ግን ለጊዜው ከእሱ ይልቅ የሚያሳስበን ወረፋው ነው።

ወንድሜ በብድር መኪና ገዝቶ እዚያ አዲስ አበባ በመተግበሪያ ታክሲ ሊሰማራ ማሰቡን ሰምቻለሁ። አልከለክለውም፤ ብቻ ከመፈረሙ በፊት ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነ በመጠየቅ ሳይወሰን፣ እዚያው የሚሠሩ ሾፌሮች በቀን ስንት ሰዓት ባዶ እንደሚቆሙ ጠይቆ ያስላ።

ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የምልከው ገንዘብ ጥቂት ይቀንሳል፤ የመድኃኒትዎን ግን አልነካውም።

አክባሪ ልጅዎ