80 ፐርሰንት ቅናሽ፣ ግን ከምን ላይ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኅዳር ሲገባ ብላክ ፍራይደይ እያሉ የመጽሐፍ ቅዱስ ማጥኛ ሶፍትዌር ሻጮችም ቅናሽ ይለቃሉ፣ በኛ የጥናት ግሩፕ ቴሌግራም ላይ ሊንኩ እየተቀባበለ "80 ፐርሰንት ቅናሽ፣ ዛሬ ማታ ያልቃል" ይባላል፣ ሰዉም ዶላር ካርድ ያለው ዘመድ ፍለጋ ይሯሯጣል፣ አሜሪካ ያለች እህት ከእንቅልፏ ትቀሰቀሳለች። 80 ፐርሰንቱ ከምን ላይ እንደተቀነሰ የሚጠይቅ ግን የለም።

በቀደም አንዱ ወንድማችን ሊገዛ ያሰበውን የሶፍትዌሩን የመጻሕፍት ጥቅል ዝርዝሩን ከፍተን አየነው። የመጽሐፉ ብዛት ያስጎመጃል። ግን የታተሙበትን ዓመት ስታዩ (በፈረንጆቹ ነው የምላችሁ) የማቴዎስ ሄንሪ ማብራሪያ የ1700ዎቹ መጀመሪያ፣ የስትሮንግ ኮንኮርዳንስ (ቃሉ የትኛው ጥቅስ ላይ እንዳለ የሚያሳይ ማውጫ) 1890፣ የኢስተን መዝገበ ቃላት 1897፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። የነዚህ ሁሉ ኮፒራይት ድሮ አልቋል፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ። የጥንት ቤተ ክርስቲያን አባቶችን ጽሑፍ ለሚፈልግም በእንግሊዝኛ የተተረጎመው ባለ 38 ቅጽ ስብስብ ሲሲኢኤል የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ያለ ሳንቲም ይነበባል።

ልክ ነው፣ ሶፍትዌር ውስጥ ሲገባ ቃሉን ስትነኩት ፍቺው ይወጣል፣ ጥቅሱና ማብራሪያው አብረው ይሄዳሉ፣ ለዚያ መክፈል ነውር የለውም። ግን እሱንም ቢሆን ስቴፕ ባይብል የሚባለው ድረ ገጽ ዕብራይስጡንና ግሪኩን በነፃ ያሳያል፣ ኢ-ሶርድ የሚባለው ሶፍትዌርም ዊንዶውስ ላይ በነፃ ይጫናል፣ መጀመሪያ እነሱን ሞክሮ የጎደለውን መግዛት አይሻልም?

አሮጌ መጽሐፍ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ሄንሪን እኔም አነባለሁ። ግን የሙት ባሕር ጥቅልሎች (የመጽሐፍ ቅዱስ ጥንታዊ የብራና ቅጂዎች ያሉባቸው) መገኘት የጀመሩት በፈረንጆቹ 1947 አካባቢ ነው፣ ከዚያ በፊት የተጻፈ ማብራሪያ ስለነሱ ከየት አምጥቶ ይነግራችኋል? ለኛ ደግሞ ነገሩ የቅርብ ነው፣ መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ነው፣ የአራማይስጥ ቁርጥራጮቹ ግን ከነዚያ ጥቅልሎች ጋር ነው የወጡት፣ የ1890ዎቹ መዝገበ ቃላት ይህን አያውቅም። በዚያ ላይ የፈረንጅ ጥቅል አብዛኛው የተሰራው ለ66ቱ መጻሕፍት ነው፣ 81 የሚያነብ ሰው "ሙሉ ላይብረሪ" ሲባል ኩፋሌ አለ ወይ ብሎ ይጠይቅ።

ሌላው፣ የምትገዙት ፋይሉን ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ፈቃዱን ነው፣ ያውም በገዢው አካውንት ስም። ያቺ እህት በራሷ ኢሜይል ከገዛችላችሁ መጽሐፉ የሷ ነው ማለት ነው፣ ፓስወርድ የቀየረች ቀን ጉድ ፈላ። ደግሞ ድርጅቱም ሊዘጋ ይችላል፣ ባይብልወርክስ የሚያህል ስመ ጥር ሶፍትዌር በፈረንጆቹ 2018 ሥራ አቁሟል።

ወንድማችን ጥቅሉን ትቶ፣ አሁን የምናጠናው ሮሜን ስለሆነ በቅርብ ዓመታት የተጻፈ አንድ የሮሜ ማብራሪያ ብቻ ገዛ፣ ዋጋውም ከጥቅሉ በጣም ያነሰ ነበር።

እናንተ ደግሞ በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ስለ አዲስ ስልክ ከምትደጋግሙብን አንድ ቀን ያገራችንን መንፈሳዊ መጻሕፍት አሳታሚዎች ጠይቁልን፣ በአማርኛ የተጻፉትን ማብራሪያዎች በብር ከፍለን በስልካችን የምናነበው መቼ ነው? አሁን እኮ ያለው አማራጭ ቴሌግራም ላይ የሚዞረው የተሰረቀ ፒዲኤፍ ነው፣ እሱም ግማሽ ገጹ ተቆርጦ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ